ግቢውን ሲሚንቶ ያለበስኩት እኔ ነኝ

ወዳጆች፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። የምጽፈው ስለ አንዲት ጽጌረዳና ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ያደግኩት ሁሩታ ነው። ከአዳማ ሙቀት ወጥታችሁ፣ ደራን አልፋችሁ ሽቅብ ስትሉ አየሩ ቀዝቀዝ የሚልበት፣ ስንዴው የሚበዛበት፣ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ። የእኛ ሰፈር ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ የላይኛው ቤት ውሃ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። የላይኛው ሰው ያጠፋውን የታችኛው ሰው ይከፍላል።

ከቤታችን በታች፣ ግቢያችን ከጎረቤታችን አጥር በሚገናኝበት ዳገት ላይ አባቴ የተከላት ጽጌረዳ ነበረች። ገበያ ላይ እንደምታዩዋት ረጅም አልነበረችም፤ ከጉልበት አትበልጥም። ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ቅርንጫፏን መሬት ላይ ጥላ ትሳባለች። አበባዋ ትናንሽ፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ እንደ ዘለላ የሚፈነዳ ነበር። ልጅ ሆነን ኳሳችን እሷ ውስጥ ከገባ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው፤ እሾኋ እጅ አያስገባም።

አባቴ ካረፈ በኋላ እኔ አዳማ ሥራ ያዝኩ። በ2012 ዓ.ም. በጋ ላይ ትንሽ ብር ቋጥሬ ሁሩታ ተመለስኩና ለእማዬ ገቢ ይሆናታል ብዬ ሦስት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ሠራሁ። በዚያው ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አስደረግኩት። ጭቃ አይኖርም፣ ለመጥረግ ይመቻል፣ ተከራይ ይወደዋል አልኩ። ጽጌረዳዋን ሁለት ቀን ሠራተኞች በዶማ ቆፍረው አወጧት። እማዬ ምንም አላለችም። ከተጣለው ክምር ውስጥ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ስትተክል አይቻታለሁ። እኔም ምንም አላልኩም።

ሐምሌ መጣ።

ሒሳቡን ያኔ አልሠራሁትም፣ አሁን ልሥራላችሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ሲሚንቶ ያለበስኩት ወደ 60 ካሬ ይሆናል። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ከሰዓት ቢጥል 1,800 ሊትር ማለት ነው፤ ዘጠኝ ትልልቅ በርሜል። አፈር ቢሆን ከፊሉን ይጠጣው ነበር። ሲሚንቶ አይጠጣም፤ ያንደረድረዋል። የጣሪያው ውሃ ሲጨመርበት አስቡት።

ያ ሁሉ ውሃ አጥሩን ጥሶ የታችኛዋ ጎረቤታችን ማድቤት ገባ። አኮ እንላቸዋለን፤ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ ናቸው። ለዘር ያስቀመጡት ስንዴ ከነጆንያው ረጠበ። ስልክ የደወለችልኝ እማዬ ናት። በማግስቱ ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አኮ ያዙኝና፣ «ልጄ፣ አባትህ ያቺን እሾህ የተከላት ለአበባዋ መሰለህ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። የስንዴውን ዋጋ ከፈልኩ። ያቺ ጥያቄ ግን አልተከፈለችም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። መሬት የሚያለብሱ ጽጌረዳዎች በዓለም ላይ የታወቁ ናቸው። «ዘ ፌይሪ» የምትባለው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣች ናት፣ እስከ ዛሬ ትተከላለች። «ፍላወር ካርፔት» ደግሞ የጀርመኖች ናት፤ ትርጉሟም የአበባ ምንጣፍ። ሰፊ ግቢ ለሌለው፣ ለተዳፋትና ለመንገድ ዳር የተመረጡ ናቸው። የባሕር ዳርቻ አሸዋና ጨው የምትችል «ሩጎሳ» የምትባል የምሥራቅ እስያ ጽጌረዳም አለች፤ አውሮፓ ወስደው የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተከሏት፣ ዛሬ ዴንማርክን በመሰሉ አገሮች ከቁጥጥር ወጥታ እየነቀሏት ነው። ስለዚህ የሚሳብ ሁሉ ደግ አይደለም፤ ቦታ ይመረጥለታል።

እኛም ለጽጌረዳ ባይተዋር አይደለንም። ቀጋ ጽጌረዳ ናት! የአገራችን ብቸኛ የዱር ጽጌረዳ። ደጋና ወይና ደጋ ላይ በየአጥሩ ነጭ አበባ አውጥታ ቀይ ፍሬዋን ልጆች የሚለቅሙላት። እሷ ስለምትንጠላጠልና እሾኋ ስለሚከፋ ለትንሽ ግቢ አትሆንም። ነገር ግን ቀጋ የሚበቅልበት መሬት ጽጌረዳ ይቀበላል።

አሁን ወደ ሥራው። ከዳገቱ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን ሲሚንቶ አስፈርሼ፣ በድንጋይ ሁለት ትንንሽ እርከን ሠራሁ። ጽጌረዳ ብቻዋን ጎርፍ አታቆምም፤ እርከኑ ውሃውን ያዘገየዋል፣ እሷ አፈሩን ትይዛለች። የእማዬ ጀሪካን ውስጥ ከነበሩት አራቱ በቅለው ነበር። ልብ በሉ፣ እኔ የጣልኩትን ነው።

ሞክሬ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦

ከሁሉ በፊት ሰርዶውን ንቀሉ። ከነሥሩ። ጽጌረዳዋ መሬቱን እስክትሸፍን አንድ ሁለት ዓመት ይፈጅባታል፤ በመካከሉ ሰርዶ ከገባ በእሾህ ውስጥ እጃችሁን ሰዳችሁ አታወጡትም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በዚህ ተቃጥያለሁ።

ቁራጭ ለመትከል ክረምት ሲገባ ጥሩ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ክተቱ፣ ጥላ ሥር አቆዩ። ከዚህም የሚቀል አለ፤ የሚሳበውን ቅርንጫፍ ሳትቆርጡት ከሥሩ ጫር አድርጋችሁ አፈር አልብሱት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ትለዩታላችሁ።

ፀሐይ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። በአንዱና በሌላው መካከል ሦስት አራት ስንዝር ተዉ። የቆየ ፍግ ስጧት፣ በዙሪያዋ የስንዴ ገለባ አንጥፉ፤ አርሲ ውስጥ ገለባ አይጠፋም። የመጀመሪያውን ዓመት በሳምንት አንዴ እግሯ ሥር በደንብ አጠጡ፣ ቅጠሏን ግን አታርጥቡ። ክሽክሽ ከወጣባት በውሃ እጠቡና ጠዋት ፀሐይ ይምታት። በዓመት አንዴ ሁለት ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ከርክሟት። ስትገዙ ደግሞ ሻጩን «ትቆማለች ወይስ ትሳባለች?» ብላችሁ ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ እርሻዎች ለውጭ ገበያ የሚመረቱት ለረጅም ግንድና ለግሪንሃውስ የተመረጡ ናቸው፤ ዳገት አይዙላችሁም።

አንድ ክርክር ገጥሞኛል። ገበሬ አጎቴ ቅጠሏ ሥር ብርቱካንማ ዱቄት አይቶ፣ «ይቺ ዋግ ልታመጣብን ነው!» ብሎ ተቆጣ። አልፈረድኩበትም። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ «ኩብሳ»ን፣ በ2006 የግንድ ዋግ «ዲገሉ»ን ሲያወድም ያየ የአርሲ ገበሬ ነው። የጽጌረዳ ዋግ ግን ሌላ ነው፤ ጽጌረዳ ላይ ብቻ ይኖራል፣ ስንዴ አይነካም። የታመመውን ቅጠል ለቅሜ አቃጠልኩለት፣ ታረቅን።

አሁን አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዳገቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ባለፈው ክረምት ውሃው አኮ ጋ ሲደርስ እየተንጠባጠበ እንጂ እየጋለበ አልነበረም። ቦታውን ለመልቀቅ አንዱን ክፍል አጥብቤዋለሁ፣ ኪራዩም ቀንሷል። የሚያስቆጭ ብር ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን ያ ብር ለካ የአኮ ነበር፤ እኔ ውሃዬን እየላክሁላቸው የምሰበስበው።

እዚህ ላይ የምለው አንድ ነገር ነው። ግቢ ሲጸዳ የሚያምረን ሁላችን ነን። ግን የራሳችንን ጭቃ ያጸዳነው ወደ ሌላ ሰው ቤት ልከን ከሆነ ጽዳት አይባልም። አባቴ ይሄን ያውቅ ነበር፤ አልነገረንም፣ ተከለው እንጂ።

እማዬን ባለፈው እሑድ፣ «ያኔ ለምን አልተቆጣሽኝም?» አልኳት። ቡናውን እየቀዳች፣ «ብቆጣህ ትሰማኝ ነበር?» አለችኝ።

አልሰማትም ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ግቢያችሁን እዩት። የእናንተ ዝናብ የማን ቤት ነው የሚገባው?