«ያ ወለድ!»

በ2000 ዓ.ም. መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከሱዳን ጋር ከሚያገናኘው ድልድይ ብዙም በማይርቅ የቡናና የቅመም ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከማዶ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚጠራኝ «ያ ወለድ!» እያለ ነበር። በእነሱ ቋንቋ «አንተ ልጅ» ማለት ነው። በእኛ ደግሞ ወለድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ብድር ላይ የሚከመረው። የሱቁ ባለቤት እትዬ ይህን በሰሙ ቁጥር ይስቃሉ። «እውነታቸውን እኮ ነው፤ ዋናው እኔ፣ ወለዱ አንተ!» እኔ አልስቅም። ለሰሊጥ አጨዳ ከወገራ ወርጄ የቀረሁ ሳሉግ ነበርኩ፤ 22 ዓመቴ፤ ልጅ መባል የሚያንገበግብበት ዕድሜ።

ይህን ያነሳሁት ባለፈው ሳምንት እዚህ ገንዳ ውኃ ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁት ነገር አልዋጥ ስላለኝ ነው። «ሱዳኖች ገንዘብ በነበራቸው ጊዜ ረግጠውን ነበር፤ አሁን ተራው የእኛ ነው» አለ አንዱ። በዙሪያው ያለው ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሳልነቀንቅ አልቀረሁም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ እውነት ተረግጬ ነበር ወይ? አዎ፣ ተረግጫለሁ። የረገጠኝ ማን እንደነበር ነው ያልጠራልኝ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ሱዳን በ1999 አዲሱን ጊኔ ስታወጣ አንድ ዶላር በ2 ጊኔ ገደማ ይመነዘር ነበር። በእኛ በኩል ያው ዶላር 9 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ጊኔ አራት ብር ተኩል ያህል ማለት ነው። የእኔ የወር ደመወዝ 300 ብር ነበር፤ ሲመነዘር 70 ጊኔ አይሞላም። ያን የሚያህል ገንዘብ አንድ የሱዳኗ ገዳሪፍ ሰው ሐሙስ ማታ ተሻግሮ አርብ ማታ እስኪመለስ ያጠፋዋል። እኛም «ሀብታም» እንለዋለን። ኋላ ገዳሪፍ ሄጄ ሳየው ሀብታሙ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ሀብታም ያደረገው ድልድዩ ነበር።

መተማ ድሮም እንዲህ ናት። ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ የቀሩት ተክሩሮች ገበያውን በያዙበት ዘመን ቡናው፣ ሰሙ፣ እኛ ማስታወስ የማንወደው ሰውም ጭምር እዚህ ይሸጥ ነበር። የሚሸጠው በማርትሬዛ ብር ነው። ሻጩ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ የዘውድ ዕንቁ አንድ በአንድ ሳይቆጥር ብሩን አይቀበልም ነበር ይባላል። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 እዚሁ ወደቁ፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀረች። ጦርነቱ አልፎ ገበያው ተመለሰ። እኔም የሱዳን ጊኔ ወደ ብርሃን አንስቼ ሳገላብጥ የዋልኩት በዚያው በዕንቁ ቆጣሪዎቹ መደብ ላይ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ መርኩብ የተጫማ ሽማግሌ ገባና ዝንጅብልና ኮረሪማ አስመዘነ። «በከም?» አለ። ነገርኩት። «ጋሊ!» አለ። ውድ ነው ማለቱ ነው፤ ይቺን ቃል ሳይሰማ የዋለ የመተማ ነጋዴ የለም። ተከራከርን፣ ተከራከርን፣ በመጨረሻ «ዐሸራ አልፍ፣ ከላስ» ብሎ ጨረሰ። ዐሸራ 10 ነው፤ አልፍ 1000። አሥር ሺህ ጊኔ! ልቤ ዘለለ። ሽማግሌው ግን ያወጣው አንዲት የ10 ጊኔ ኖት ነው። ቀሪውን ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ተዉት፤ «ሐራሚ!» የሚለው ድምፁ እስከ ኬላው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እኔን፣ የቄስ ልጅ፣ ሌባ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳን ገንዘቧን በ15 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀይራለች፦ ከአሮጌው ጊኔ ወደ ዲናር፣ ከዲናር ወደ አዲሱ ጊኔ። አንዱ አዲስ ጊኔ 1000 አሮጌ ጊኔ ነው። ወረቀቱ ተቀየረ፤ የሰው አፍ ግን አሮጌው ላይ ቀረ። «አልፍ» ሲሉ አንድ ጊኔ ማለታቸው ነው። እኛስ 25 ሳንቲሙን ስሙኒ፣ 50 ሳንቲሙን ሽልንግ ስንል አልኖርንም? አንድ ሱዳናዊ ጎንደር ገበያ ላይ ሽልንግ ሲባል ሰምቶ የእንግሊዝ ገንዘብ ፍለጋ ኪሱን ቢዳብስ ያው እንደኔ ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ሽማግሌውን ወንበር ስበው አስቀመጡ፣ ሻይ አዘዙ፣ በዐረብኛ አሳሳቁት። እኔን ግን ከባንኮኒው ኋላ እንደ ጥፋተኛ አቆሙኝ። ለምን ቀድመው እንዳልነገሩኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ሌላውም ግጭት ሁሉ ከዚህ አይበልጥም ነበር። ደንበኛው «ሰዓት ቲስዓ እመጣለሁ፣ ዕቃዬን አዘጋጅ» ይለኛል። ቲስዓ 9 ነው። እኔ ከቀኑ 9 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ እሱ ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት መጥቶ፣ ዕቃው ሳይታሰር አግኝቶ፣ ይጮሃል። (በ2010 ጥቅምት ላይ ሱዳን ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች፤ እንደገና መማር ነበረብን።) ሰሊጥ የሚነግዱት ደግሞ በኩንታልና በጉንጣር ይጣላሉ። ስሙ አንድ ዘር ነው የሚመስለው፤ ሚዛኑ ግን የእኛው 100 ኪሎ፣ የእነሱ 45 እንኳ የማይሞላ።

እነዚህ ይረሳሉ። አንድ ነገር ግን ነበር የማይረሳ፤ ሁለቱ ዋጋዎች። እትዬ ጠዋት ጠዋት ሁለት ቁጥር ይነግሩኛል፤ አንዱ ለሐበሻ፣ አንዱ ለሱዳን። ይህ የመተማ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ለመግዛት ከፈረንጅ ጋር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ «አንቺ ውጭ ቆዪ፣ እኔ ልግዛልሽ» የምንለው ለምንድን ነው? ሱዳኑም ሁለት ዋጋ እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ የምነግረውን ማንኛውንም ቁጥር አያምንም፤ ስለማያምን ይጮሃል፤ ስለሚጮህ እትዬ ነገ ዋጋውን ይጨምሩበታል። ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ትርፉም ለእኔ አይደርስም። ጩኸቱ ግን የእኔ ነው። እነሱ ሲወጡ «ጨካኞች» እላለሁ፤ እነሱም ገዳሪፍ ገብተው «ሐበሾች አጭበርባሪ ናቸው» ይላሉ። ሁለታችንም ማስረጃ አለን፤ ማስረጃው እኔ ነኝ።

ከሱቃችን ጎን ግሮሰሪ ነበር። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኑሜይሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ሸሪዓ ካወጀ፣ መጠጡም አባይ ውስጥ ከተደፋ ወዲህ፣ ከሱዳን ጋር የምትዋሰን ከተማ ሐሙስ ማታ የሚኖራትን ገጽታ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እዚያ የምታስተናግድ አንዲት የደምቢያ ልጅ «እነሱ ክብራቸውን ኬላው ላይ አስቀምጠው ነው የሚሻገሩት፤ ሲመለሱ ይወስዱታል» ትል ነበር። ከዚህ የተሻለ አባባል እስካሁን አልሰማሁም። እሷ ያየችውን እኔ ከባንኮኒ ኋላ ሆኜ ሩቡን አላየሁም፤ ስለዚህ ስለ እሷ ብዙ አልናገርም።

የእኛንም ልናገር። ፊታቸው ቆመን በአማርኛ እንሰድባቸው ነበር። አንድ ቀን፣ ለአንድ ደንበኛ ቡና እየመዘንኩ፣ ስለ ቆዳው ቀለም አሁን የማልደግመውን ነገር ለባልደረባዬ ተናገርኩ። ሰውዬው ሒሳቡን ከፈለ፣ ጆንያውን አሸከመ፣ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና በጥሩ አማርኛ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኡም ራኩባ፣ ስደተኞቻችሁ በሰፈሩበት ነበርን፤ ከእናንተ ልጆች ጋር ነው ያደግሁት» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። የሚቀጥለውን ሳምንት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም።

መስከረም 2001 ላይ እትዬ ለብድር ማስመለሻ ገዳሪፍ ላኩኝ። ወሩ ረመዳን ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የተሳፈርኩበት መኪና ድንገት ቆመ፤ ዘራፊ መሰለኝ። የመንደሩ ወንዶች መንገዱ ዳር ምንጣፍ ዘርግተው፣ ሰፋፊ ትሪ ደርድረው፣ መኪና እያስቆሙ ሰው እየጎተቱ ለፍጥር የሚያስቀምጡ ናቸው። ልማዳቸው ነው። አንዱ ክንዴን ይዞ አወረደኝ፣ አሲዳ አቀረበልኝ፣ ሑሉ ሙር የሚሉትን ቀይ መጠጥ ቀዳልኝ። ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም። ሐራሚ ያለኝ ሽማግሌ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ለታሪኩ ይጥም ነበር። ግን ጀለቢያው ያው ነው፣ መርኩቡም ያው። መተማ ላይ ለአንዲት ዝንጅብል ግማሽ ሰዓት የሚጨቃጨቀው ሰው እዚህ ለማያውቀው መንገደኛ ትሪውን ይለቅ ነበር።

ከዚያ ጊኔው ወደቀ። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ስትገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛውን ያህል ይዛ ሄደች። ደንበኞቻችን በጆንያ መግዛታቸው ቀርቶ በኪሎ ሆነ፤ ቆይቶ ደግሞ ዋጋ ጠይቆ መሄድ ሆነ። የካቲት 2013 ላይ መንግሥታቸው ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላሩ 375 ጊኔ ገባ፤ የእኛ ደግሞ 40 ብር ገደማ ነበር። አራት ብር ተኩል የነበረው ጊኔ 10 ሳንቲም ሆነ። ስሙኒ እንኳ አልሞላም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ እኔ ገንዳ ውኃ የራሴን ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ነበር። ሰዉ በድልድዩ ጎረፈ፤ ሐኪም፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ፣ ባለ ፋብሪካ፣ ከእነ ልጆቹ። የአልጋ ዋጋ በአንድ ሳምንት ሰማይ ወጣ፤ የሚኒባሱም እንዲሁ። እኔስ? 20 ብር የነበረውን ሃይላንድ ውኃ 40 አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። እትዬ የሉም፣ እኔው ባለቤት ነኝ።

ሁለት ቶብ የለበሱ ሴቶች መጡ፤ አንዷ በዕድሜ የገፉ፣ ሌላዋ ወጣት። ወጣቷ ጠርሙሱን አነሳችና በወገራ አነጋገር «ስንት ነው?» አለችኝ። ክው አልኩ።

«40» አልኩ።

«ለእኔስ ስንት ነው?»

ዝም አልኩ።

«የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ። ለእኔ ስንት ነው ብዬሃለሁ!»

«20... ለአንቺ ስል ለሁለታችሁም በ20 ይሁን።»

«ለእኔ ስትል አይሁን። ከኋላችን ሠላሳ ሰው ተሰልፏል፤ ለእነሱም እንዲሁ በል። አታፍርም?»

አሮጊቷ ምን እንደተባለ በዐረብኛ ጠየቋት፤ «ተማም»፣ ደህና ነው፣ አለቻቸው። ካርቱም ቤታቸው ውስጥ ስትሠራ የነበረች ናት። በድንበሩ ያሻገረቻቸውም እሷ ናት፤ ቋንቋውን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ውኃውን ስሰጣት ቀስ ብዬ «ጥሩ ሴት ናቸው?» አልኳት።

«የሁለት ወር ደመወዜ እሳቸው ላይ አለ» አለች። «እሱ ሌላ ሒሳብ ነው፤ እኔና እሳቸው እንጨርሰዋለን። የአንተን ሒሳብ አስተካክል።»

የዚያን ዕለት ከተሻገሩት ብዙዎቹ ኩመር፣ ኋላም አውላላ መጠለያ ገቡ። እዚያም ዘራፊ አልተዋቸውም፤ በ2016 ካምፑን ጥለው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ የሰፈሩትን ያያችሁ ታውቃላችሁ። አቅም ያላቸው አዲስ አበባ ሄዱ፤ ቤት አከራዩም በዶላር ካልሆነ አላቸው።

ስለዚህ ተራው የእኛ ነው ላልከው ወንድሜ፦ ተራ ከሆነ እኔ ቀድሜህ ወስጄዋለሁ፤ 20 ብር ነው ያተረፈልኝ። ሱቅ ያላችሁ፣ አልጋና ቤት የምታከራዩ፣ ልለምናችሁ፦ ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ። በሁለት ቋንቋ። ቁጥሩ ከተጻፈ ሠራተኛችሁ ላይ የሚጮኽ አይኖርም።

እኔ ካርቶን ላይ ጽፌ ሰቅያለሁ። ዐረብኛውን የጻፈልኝ ካርቱም ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ገንዘብ አልቀበል ብሎ ሻይ ብቻ ጠጣ። ችግሩ የእነሱ 5 ክብ ናት፣ የእኛን ዜሮ ትመስላለች፤ ዜሯቸው ደግሞ ነጥብ ነው። 50 ብር የሚለውን የኦሞ ዋጋ አንዱ የሰፈር ጎረምሳ አይቶ «ነጻ ነው?» ብሎኛል።