ማክበር ነው ወይስ ማምለክ?

ካቶሊኮች ማርያምን ያከብራሉ ወይስ ያመልካሉ የሚለው ክርክር ሲነሳ ጥያቄው እኛን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶችንም የሚመለከት ይመስለኛል። በጎጃም ከአማኑኤል እስከ ቢቸና ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ማርያም! ማርያም!» ይላል። በሰላም ስትገላገል ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች።

ክርክሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው ለማርያምና ለመስቀል መስገድን እምቢ አሉ። 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ክፉኛ አሳደዷቸው፤ በስቃይ የሞቱም አሉ። ይህ ታሪክ ዛሬም ያመኛል። እናት ትከበር ተብሎ ሰው መሰቃየት አልነበረበትም።

መምህራኖቻችን የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የጸጋ ስግደት ለእመቤታችን ይላሉ። የካቶሊኮቹም ትምህርት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኔ ግን እናቴን አያለሁ። ወር በገባ በ21 ደብረ ወርቅ ማርያም ደጃፍ ተንበርክካ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ልጅሽን ለምኚልኝ» ትላለች። ልመናዋ የሚደርሰው ልጁ ዘንድ ነው። ይህ ማክበር ነው፤ ማንም ቢከራከረኝ አልለቅም።

ስለት ላይ ግን እፈራለሁ። «ይህን ብታደርጊልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ስንል ሰጪው ማን እንደሆነ የዘነጋን ይመስለኛል። እዚያ ላይ ካህናቶቻችን ደጋግመው ቢያስተምሩን እወዳለሁ።