የእኛ ባቡር ወፍጮ ነው

አያቴ «ባቡር» ስትል ወፍጮ ቤቱን ማለቷ ነበር። «ጤፉን ባቡር አድርሰህ ና» ብላ ታሸክመኛለች፤ ቅንድቤ ድረስ ዱቄት ለብሼ እመለሳለሁ። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ብቅ ካለችው ቧንቧ የሚሰማውን ቱክ ቱክታ በባሕር ዳር ዙሪያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ በጣሊያንኛ «እንፋሎት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ሞተር ነገር ሁሉ ባቡር ተባለ። ለድሬዳዋ ሰው በሐዲድ የሚሄደው ደረሰው፤ ለእኛ ለጣና ዳሮች እህል የሚፈጨው። ልጅ ሳለሁ ያስቀኝ ነበር። አሁን ግን ያንገበግበኛል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ሐዲድ ውል ሦስት ክፍል ነበረው። ከጅቡቲ ሐረር፤ ከሐረር እንጦጦ፤ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛዋን ልብ በሉልኝ። በውሉ መሠረት እንጦጦ መሐል መንገድ ላይ ያለች ጣቢያ እንጂ መጨረሻ አልነበረችም። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። የሐረር ተራራ ወጪው ስለከበደ መስመሩ ከሥር አለፈና በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በቀለች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ መንግሥታት ተጨቃጨቁ፣ እንደገና ውል ተዋዋሉ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ወደ 784 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ፣ እዚያው ቆመ። ሦስተኛዋ ክፍል ወረቀት ላይ ቀረች።

የጣና ባቡር ወሬስ አልነበረም? ነበር እንጂ፤ ግን በሌሎች አፍ። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን እኛን ሳይጠይቁ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብና ከሱዳን ወደ ሐይቁ የሚያመጣ የመኪና መንገድ እንድታገኝ ጣሊያን ታግዛታለች፤ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራን ከሶማሊያ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ እንግሊዝ ታግዛታለች። ሐይቃችን በሐዲድ ተለወጠ ማለት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በዚያው ዓመት ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፤ ነገሩም ከሸፈ። ደግ አደረጉ። የሰው ሐዲድ በደጃችን እንዳያልፍ እንዲህ ከተሟገትን በኋላ ግን፣ ነፃ ሆነን ስናበቃ የራሳችንን ያላመጣነው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ጊዜው ነበረ። በ1950ዎቹ ባሕር ዳር አዲስ ሙሽራ ነበረች። ጨርቃ ጨርቁ ተተከለ፣ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ ጢስ ዓባይ መብራት ሰጠ፤ ዛሬ በየፖስት ካርዱ ላይ የምናያቸው ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ያን ጊዜ ታሰቡ። በዚያው ዘመን ሐዲዱን ከናዝሬት ወደ ዲላ ለመቀጠል ተጠንቶ ነበር። ዲላም አልደረሰ፤ ወደ እኛ መምጣቱማ ቀርቶ። ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃ የዓባይን በረሃ በከባድ መኪና እየተንፏቀቀ ወጣ።

ይህን ሳነሳ «በረሃውን ባቡር እንዴት ይወጣዋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ምጽዋና አስመራን ያየ እንዲህ አይልም። 95 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ገብቷል። የጠባብ ሐዲድ ጥቅሙ ይኸው ነው። ተራራውን እንደ ፍየል መንገድ ተጠማዝዞ ይወጣል፤ ወጪውም ይቀላል። ለእኛ ዓይነት አገር የተሠራ ነገር ነበር። የያዝነውም እሱን ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ አዲስ አበባ ለገሀር ጣቢያ ደርሼ፣ የአንበሳውን ሐውልት አልፌ ትኬት ቤቱ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ፌስታል ያንጠለጠሉ እናቶች፣ ጫት የሚያኝክ ጎረምሳ፣ ፉርጎ ላይ የሚጫን ጆንያ። ቸኩዬ ነበር። «በባቡሩ ሌላ ጊዜ» ብዬ ወደ አውቶብስ ተራ ሄድኩ። ከጣና ዳር መጥቼ ባቡር ደጃፍ ደርሼ፣ አልተሳፈርኩም። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ የሚነሳው ባቡር ጭራሹን ቆመ። ሌላ ጊዜ የሚባለው አልመጣም።

ለነገሩ የእኔ መቸኮል የአገር መቸኮል ነበር። ሁሉም በመኪናው ፈጠነ። ሐዲዱ ላይ ብር ማውጣት ለሟች ሐኪም መጥራት መሰለ። አውሮፓውያን ለጥገና ገንዘብ ሰጥተው ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ እሱም መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ብረቱ በየቦታው ተነቀለ።

ከዓመታት በኋላ ድሬዳዋ ስመለስ የድሮውን የጥገና ግቢ ለማየት ጠየቅሁ። ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ቁልፍ ይዘው አስገቡኝ። የፈረንሳይ ማሽኖች እንደ ተኙ፣ መፍቻዎቹ በየቁጥራቸው ተሰቅለው። ሽማግሌው ግራሶ በጨርቅ ይዘው ሐዲድ የሚያቀይረውን ብረት ይቀባሉ።

«ጋሼ፣ ማን ይሄድበታል?» አልኳቸው።

«ማንም። ከዛገ ግን የሚሄድበት ሲመጣ እምቢ ይላል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ከየት ነህ ልጄ?»

«ከባሕር ዳር።»

«አቦ! እናንተ ደግሞ ባቡር የት ታውቃላችሁ!»

ስድብ አልነበረም፤ ሳቁ። ለእኔ ግን የእግር እሳት ሆነብኝ።

አዲሱን ባቡር አልጠላም። መስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፤ ሰፊ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የሚቆጨኝ አዲሱ ሳይመጣ አሮጌውን መጣላችን ነው። ብረት ይገዛል። የአንድ መቶ ዓመት እጅ ግን አይገዛም። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የትኛው ቡሎን እንደላላ የሚያውቅ፣ ከአባቱ የተማረ፣ ልጁን ያስተማረ ሠራተኛ ነበረን። እሱን በትነን አዲሱን ለዓመታት የሚያንቀሳቅሱ የቻይና ባለሙያዎች ቀጠርን። አሮጌው ባቡር ቢያንስ እየተንቀጠቀጠ እንዲሄድ ተደርጎ ቢሆን፣ እነዚያ እጆች ለአዲሱ ይተርፉ ነበር። ማን ያውቃል፣ ወደ እኛ የሚመጣውንም እነሱ ይዘረጉት ነበር።

ምክንያቱም ሊመጣ ነበር። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሀራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ2007 ዓ.ም. በቱርኮች እጅ ተጀመረ። በአገሪቱ ዕቅድ ላይ ደግሞ ከወልድያ በወረታ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ መስመር ተስሎ ነበር። ካርታውን አይቼ፣ አልዋሽም፣ ጣቢያው የት ይሆን ብዬ በሐሳቤ ቦታ መርጫለሁ። ከወልድያ ወዲህ የሚቀረው «የቻይና መንገድ» የሚባለው የመኪና መንገድ ነው፤ እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር ግድም። ደጃችን ደርሶ ነበር። ሐዲዱ በአብዛኛው ተነጠፈ፣ ዋሻው ተቦረቦረ፣ ምሰሶው ቆመ፤ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ግን በጊዜው አልደረሰም። ሲጠበቅ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበት።

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ዳር ቆሜ ተሳቢ ቆጠርኩ። ማዳበሪያ የጫነ፣ ነዳጅ የጫነ፣ ሸራው የተቀደደ። ሁሉም ከጅቡቲ። አሥራ አራት ስደርስ ጨለመብኝና ወደ ቤት ሄድኩ። የጎረቤታችን ልጅ ጤፉን እንደተሸከመ፣ ሳያስፈጭ ሲመለስ በር ላይ ተገናኘን።

«ምነው?» አልኩት።

«ባቡሩ ቆሟል፤ መብራት የለም።»