የሰሚ ድካም

ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አንድ ቤት፣ መጠጊያ ያጡ ልጆችን በመርዳት ሥራ አምስት ዓመት ቆየሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወራት ብዙ ልጆች ሥራ እናገኛለን ብለው ከየገጠሩ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ይመጣሉ፤ ለቀማው ሲያልቅ፣ ባዶ እጃቸውን መመለስ አፍረው ወይም መሳፈሪያ አጥተው ጅማ ላይ የሚቀሩ ነበሩ። ሥራችን ለሩቅ ተመልካች እንጀራና ልብስ ማደል ይመስላል፤ ዋናው ግን መስማት ነው። ልጅ በልቶ ከጠገበ በኋላ መናገር ይጀምራል፤ የተናገረውም ነገር ሰሚውን ተከትሎ እስከ መኝታው ይሄዳል።

አንድ ቀን ማታ በሩን ልዘጋ ስል፣ በቡና ጫኝ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ከአጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የመጣ ልጅ ደረሰ። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ቢሆን ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለኝ። እኔም «ነገ ና» ብዬ ዘጋሁት። አልተቈጣሁትም፤ አልጠላሁትምም፤ እንዲያው ምንም አልተሰማኝም። በማግሥቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ከሁለት ወር በኋላ ስለ ሠራተኞች የመንፈስ ደኅንነት የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድሁት ለውሎ አበሉ ነበር። አሠልጣኟ የነገረችን ግን ከእንቅልፌ አነቃኝ። ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በኒው ዮርክ፣ አደንዛዥ ዕፅ የጐዳቸው ወጣቶች በነጻ በሚታከሙበት ክሊኒክ ሲያገለግል፣ ባልደረቦቹም እርሱ ራሱም ኃይላቸው ተሟጥጦ ሲያልቅ ተመለከተ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ስለዚሁ ድካም ጻፈ፤ ስሙንም «ነዶ ማለቅ» አለው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ይህንኑ፣ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ መሆኑን ገልጾ በመዝገቡ አሰፈረው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ አቅም ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መራቅ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ ቢስ መስሎ መታየት። ሁለተኛውን ስሰማ የዘጋሁት በር ትዝ አለኝ።

ትንፋሽን እየቈጠሩ የማረፉን ትምህርት አልነቅፍም፤ ነገር ግን ለአራት ሠራተኛ ሰባ ልጅ ሲሰጥ ትንፋሽ ብቻውን ምን ያደርጋል? የጠቀመን ሌላው ምክሯ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተቀምጠን የከበደንን እንድንነጋገር፣ ኀላፊያችንም በዚያ ሰዓት የሰማውን በግምገማ ወረቀት እንዳያስገባ አዘዘችን። ኀላፊያችን ጥቂት ካንገራገረ በኋላ እሺ አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤታችንን የምትመራው እትዬ ቡና አፈላች። በአቦሉ ማንም አልተናገረም፤ በቶናውም ስለ ጤፍ ዋጋ ተጨዋወትን። በረካው ሲቀዳ ዘበኛው ተናገረ። እኛ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ፣ ልጆች በእንቅልፍ ልባቸው ሲጮኹ የሚሰማ እርሱ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅን። በስብሰባ ተጠርቶ አያውቅም ነበር፤ ለሥልጠናውም አልተጋበዘም።

ከእርሱ ቀጥዬ ስለ ልጁ ነገርኋቸው። ዝም አሉ። ዘበኛው ብቻ «እኔ አይቼዋለሁ፤ አጋሮ መናኸሪያ ዕቃ ይሸከማል» አለ። እትዬ ስኒዬን እንደገና ሞላችልኝ።

ቅዳሜ በማለዳ አጋሮ ሄጄ እስከ ማታ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ዛሬም በር ከመዝጋቴ በፊት ወጣ ብዬ መንገዱን ግራና ቀኝ አያለሁ።