አርተር ያንግና የእርሻ ጉዞው

ስለ እርሻ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ አዝመራውን ይቈጥራል እንጂ አራሹን አይመለከትም። እንግሊዛዊው አርተር ያንግ ግን አዝመራውን ሲቈጥር ኖሮ፥ በመጨረሻ አራሹንም ያየ ጸሐፊ ነው።

ይህ ሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1741 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ። እርሱ ራሱ ሲያርስ አልቀናውም፤ በኤሴክስ የተከራየውን እርሻ የሚረከበው ገበሬ ባገኘ ጊዜ 100 ፓውንድ ሰጥቶ ተገላገለ። ከዚያም በኋላ ካገር ወዳገር እየዞረ የመሬቱን ጠባይ፥ የዘሩን መጠን፥ የሠራተኛውን ደመወዝ እየጠየቀ ጻፈ። በ1784 የጀመረው የእርሻ መጽሔት 46 ቅጽ ሞላ፤ ንጉሡ ሣልሳዊ ጊዮርጊስ እንኳ ስሙን ለውጦ ጽፎበታል።

ፈረንሳይንም ከ1787 እስከ 1790 ተመላልሶ ጐበኘ። ሐምሌ 12 ቀን 1789 ወደ ሜስ ከተማ ሲጓዝ፥ ባዝራው እንድታርፍ ብሎ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ፥ አንዲት ድኻ ሴት አብራው ሄደች። ወገቧ ጐብጦ ፊቷም ተጨማዶ ስለ ነበረ፥ ከሩቅ ያያት የ60 ወይም የ70 ዓመት አሮጊት ይላት ነበር፤ ዕድሜዋ ግን 28 ነበረ። ባልዋ ከቍራሽ መሬት፥ ካንዲት ላምና ካንድ ደካማ ፈረስ በቀር ሀብት የለውም፤ ልጆቻቸው ሰባት ናቸው። ከዚህችው መሬት ላንዱ ጌታ ስንዴና ሦስት ዶሮ፥ ለሌላው አጃና አንድ ዶሮ ይገብራሉ፤ የመንግሥቱ ግብር ደግሞ ለብቻው ነው። ይህ በሆነ በሁለተኛው ቀን የፓሪስ ሕዝብ ባስቲል የተባለውን ወህኒ ቤት ሰበረ።

ባገሩ በእንግሊዝ ግን ያንግ የጋራ ግጦሽ በፓርላማ ሕግ ታጥሮ ለባለ ርስቶች እንዲከፈል አጥብቆ የሚመክር ሰው ነበረ፤ የታጠረ መሬት ብዙ እህል ይሰጣልና። ቈይቶ ወደ መንደሮቹ ሄዶ ቢመረምር፥ እህሉ በዝቶ ድኻው ግን ላሙን አጥቶ አገኘው። በ1801 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ20ው የአጥር ሕግ በ19ኙ ድኾች መጐዳታቸውን ገለጠ፤ ላም የሚያስሩበትና ድንች የሚተክሉበት መሬት እንዲሰጣቸውም ለመነ። ልመናው ግን ሕግ ሆኖ አልጸናም።

በ1811 ዓይኑን ቢታከም ሳይድን ቀረ፤ በ1820 ዓይነ ስውር ሆኖ ሞተ። የጐተራ ሙላት ብቻውን የአገር ጥጋብ እንዳልሆነ ግን ዓይኑ ሳይጠፋ አይቶ ጽፎ ነበር።