ጊታር ይዘው ታሪክ የጻፉ ሰው

በዳባትና በደባርቅ መካከል ተወልዶ ያደገ ሰው ጊታር ከማየቱ አስቀድሞ መሰንቆን ያውቃል። ሠርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም። ነገር ግን ያንኑ አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ ስንሸልመው እናድርና ሲነጋ ስሙን ለስድብ እናውለዋለን። ልጃችንን ያግባ ቢባልማ እሺ የሚል ቤት ጥቂት ነው።

ይህ ነገር እኔንም ነክቶኛል። ጊታር መማር መጀመሬን አባቴ በሰሙ ጊዜ፦ «ደባርቅ ቤት ተከራይተን፥ ስንቅ እያመላለስን ያስተማርንህ አዝማሪ ልትሆን ነውን?» አሉኝ። ከአባት ጋር መሟገት ነውር ነውና ዝም አልሁ። መልሱን ግን ለእናንተ ልጻፈው።

አቶ ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያም የታወቁ የጊታር ባለሙያ ናቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ጊታሩም የእሳቸው ነው። ይኸው ሥራ በ1986 በቤልጅግ አገር እንደ ገና ታትሞ ወጣና ብዙ የውጭ አገር ሰው የእኛን ዘፈን እንዲያደምጥ በር ከፈተ። ከዚያም በሮሃ ባንድ የብዙ ድምፃውያንን ካሴት አጅበዋል። እኒሁ ሰው ታሪክ ተምረው፥ ከ1896 እስከ 1974 በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃን አነሣሥና ዕድገት የሚመረምር ጥናት ጽፈዋል። እንግዲህ ጊታሩ ብዕሩን አልከለከላቸውም።

ሥራቸው ጃዝ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ይሁን እንጂ የጃዝ ዋና ነገሩ ዜማውን ሳይለቁ በዚያው ሰዓት አዲስ ነገር ማፍለቅ ነው። አዝማሪም ፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ አለው፤ አንገቱም ስላልተከፋፈለ ጣት እንደ ልቡ ይንሸራተታል። የጊታር አንገት ግን በብረት የተከፋፈለ ነውና፥ ትዝታን እንደ መሰንቆ ላስለቅስ የሚል ሰው ክሩን በጣቱ ገፋ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ጊታር መቺው ከአዝማሪው የሚማረው ብዙ ነው።

ታዲያ ከስሜን ግርጌ ያሉትን አዝማሪዎች ሙያ ማን ይጻፍ? በመጪው ክረምት አገሬ ስገባ ደብተርና ጊታር ይዤ ከእነርሱ ዘንድ ለመቀመጥ ቈርጫለሁ። ከሌላ አገር የመጣችሁም እንዲሁ ብታደርጉ፥ ተመልሰን ስንገናኝ የምንነጋገርበት ነገር አይጠፋም።