በቆቃ ድንጋይ ፍቅር

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቆቃ ሲደረስ መንገደኛው የሚወርደው ለዓሣ ነው። እኔም ዓሣውን አልናቅኩም፤ ልቤን የወሰደው ግን ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ ነው። ጎንበስ ቀና ስል ያየኝ መረብ ጠጋኝ፣ «ወንድሜ፣ በሰፈርህ ድንጋይ የለም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አለ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ግን አይደለም።

የቆቃ ሐይቅ የትናንት ነው፤ የአዋሽ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር የተኛ ውኃ ነው። ምድሩ ግን የቆየ ሥራ ላይ ነው። በምሥራቅ የገደምሳ እሳተ ገሞራ ሰፊ ጉድጓድ አለ። አካባቢውን ቆራርጠው የሚያልፉትን ስንጥቆች ፖል ሞር የተባለው ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በወንጂ ስም ጠራቸው፤ ዛሬም የዓለም ሊቃውንት «የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ» ይሏቸዋል። በዚህ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቁና ምዕራቡ በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ።

ይህን መራራቅ ዛሬ ሳተላይት ይለካዋል። የጥንቱን የሚመሰክረው ድንጋዩ ነው። ቀልጦ የወጣ ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን አለ። ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ፣ ማኅተም እንዳረፈበት ሰም የዚያን ዘመን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል።

እኔን ያስደነቀኝ የማግኔት መርፌ ከአግድም የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ ማለትም ዝንባሌው ነው። የምድር መግነጢስ ወገብ ዛሬ በዚህ አቅራቢያ ስለሚያልፍ፣ በነፃ የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ቆቃ ላይ ወደ አግድም ቀረብ ብሎ ይተኛል። የመግነጢስ መስኩ ግን ይዋልላል፤ የብዙ ሺህ ዓመቱ ሲደመርና ሲካፈል፣ በቆቃ ኬክሮስ ዝንባሌው ወደ 16 ዲግሪ ይሆናል። በምድር ወገብ ዜሮ፣ በዋልታ 90 ነው። ስለዚህ ብዙ የላቫ ንጣፎችን ለክቶ አማካዩን የወሰደ ሰው፣ አገሩ በየትኛው ኬክሮስ እንደነበረ ያውቃል። አህጉራት መጓዛቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሳማኝ ማስረጃ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ወደ ሰሜን የሚያሳየው አቅጣጫ ደግሞ መሬቱ ዞሮ እንደሆነ ይናገራል። ያኔ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ተስፋዬ ኪዳኔና ባልደረቦቹ ከመተሐራ አጠገብ ያለውን የፈንታሌን አካባቢ አጥንተው፣ መሬቱ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ መዞሩን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። በአፋር ደግሞ የተገኘው መዞር በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። አንዱ ሸለቆ፣ ሁለት ዓይነት ዙር!

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአለቱ አውራ ጣት የሚያህል በትር በመሰርሰሪያ ይወጣል፤ ከመነቀሉ በፊት ግን አቅጣጫው ይመዘገባል። ባዛልቱ ራሱ ኮምፓስ ሊያሳስት ስለሚችል፣ በፀሐይ ጥላም ይመሳከራል። ከዚያ በቤተ ሙከራ ደረጃ በደረጃ እየሞቀ፣ በኋላ የተደረበው መግነጢስ ይራገፋል፤ የመጀመሪያው ይቀራል።

የአዳማና የሞጆ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደዚህ አምጡ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ይህ ዳርቻ ያስተምራል። መንገደኛም፣ ከቆቃ ዓሣ ይዘህ ሂድ፤ ድንጋዩን ግን እዚያው እየው። አቅጣጫው ሳይመዘገብ ከተነቀለ፣ ሰሜኑ የት እንደነበረ አይናገርም።